ቀድሞ የሚተኛ የጠፋበት ቡድን

ሶፎንያስ ትራሱን በብብቱ ሸጉጦ የመሥሪያ ቤቱ በር ሲደርስ ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ ነበር። ከፊቱ የቆመው ሰው ሁሉ ትራስ ይዟል። አንዳንዱ ካፊያውን ፈርቶ በላስቲክ ጠቅልሎታል፣ አንዳንዱ እንደ ሕፃን አቅፎታል፣ አንዷ ደግሞ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋው ስልኳን ትጎረጉራለች። ትራሱ የድርጅቱ ንብረት ነው። ማታ ከሠራተኛው ጋር ይሄዳል፣ ጠዋት ከሠራተኛው ጋር ይመለሳል፣ የመዘገበው እንቅልፍ በሩ ላይ ይነበባል። አዳማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ትራስ ሳይዝ መንገድ ላይ የሚታይ ሰው ወይ ጡረተኛ ነው ወይ ሥራ ፈት። የሁለቱም እንቅልፍ ደህና ነው ይባላል።

ተራው ሲደርስ ትራሱን መደርደሪያው ላይ አኖረ።

«እንዴት አደሩ?» አለው በሩ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ሶፎንያስ።

ቢጫው መብራት በራ፤ አልተኛም ማለት ነው። ከኋላው አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። መልስ የሚሰጠው ትራሱ ብቻ እንደሆነ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሶፎንያስ ግን እንዴት አደርክ ተብሎ ዝም ማለት አይሆንለትም፣ አልተኛሁም ማለት ደግሞ ጭራሽ አልለመደበትም። አባቱ በቃሬዛ ሆስፒታል ሲገቡ እንኳ ሐኪሞቹን «ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ያሉ ሰው ነበሩ። ከዘር የመጣ ነገር ነው፤ ትራስ አይመልሰውም።

ድርጅቱ ከወደብ ወደ መሀል አገር የሚመላለሱ ሹፌር አልባ የጭነት መኪኖችን ከሩቅ ይጠብቃል። ሶፎንያስ አርባ መኪኖች አሉት። አሉት ሲባል የሱ ናቸው ማለት አይደለም፣ በኮምፒውተር መስታወት ያያቸዋል ማለት ነው። መኪኖቹ ምንም አይሆኑም። ምንም አለመሆናቸውን የሚያይ ሰው ይቀመጥ የሚል ደንብ ግን አለ፣ ሶፎንያስም በዚያ ደንብ እንጀራውን ይበላል። ከቀትር በኋላ መኪኖቹ በረሃው ላይ እንደ ጉንዳን ሲግተለተሉ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ይሄ እንቅልፍ ምናለ ማታ ቤቴ ቢመጣ እያለ ክንዱን ይቆነጥጣል። ማታ ግን አይመጣም። እንቅልፌም እንደ ባለጉዳይ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገኝ እያለ በራሱ ይቀልዳል።

ቢጫው ሲደጋገምበት የክፍል ኃላፊው የጋራ እንቅልፍ ሕክምና እንደታዘዘለት ነገሩት። ጉዳዩ የግል ምስጢሩ ስለሆነ ከማንም ጋር እንዳይወያይበት አሳሰቡት። ይህንን ያሉት ሠራተኛው ሁሉ በተቀመጠበት አዳራሽ በድምፅ ማጉያ ነበር።

ከሕክምናው በኋላም ካልተኛ ወደ ሌሊት ክፍል ይዛወራል። የድርጅቱ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሌሊት የማይተኛ ሰው ሌሊት ይሥራ። አንዴ ወደዚያ የገባ ወደ ቀን አይመለስም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፣ ስትወጣ ደግሞ ወደ ድርጅቱ ማደሪያ ሄዶ መስኮት በሌለው ክፍል ይጋደማል። ቀን ከሚሠራ ባል ወይም ሚስት ጋር መገናኘት በዓመት በዓል ካልሆነ አይታሰብም። ሶፎንያስ የሚያውቀው አንድ የሌሊት ክፍል ሰው ልጁ ጥርስ ማብቀሉን የሰማው ከጎረቤት ነው።

ሶፎንያስ ሥራውን ያን ያህል አይወድም፣ መኪኖቹንም አይወድም። ኤልዳናን ግን ይወዳል። ሚስቱ ኤልዳና የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ከቀኑ ሁሉ የሚጠብቀው ራት ላይ ያለችውን አንዲት ሰዓት ነው፤ ኤልዳና ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች የትምህርት ቤቱን ወሬ የምትነግረው፣ የርዕሰ መምህሩን አካሄድ ሳይቀር ተነስታ የምታሳየው ያኔ ነው። ራት ሲያልቅ የመኝታ ሰዓት ይደርሳል። ለሷም ትምህርት ቤቱ የራሷን ትራስ ሰጥቷታልና ጎን ለጎን ይጋደማሉ። እሷን ወዲያው ይወስዳታል። እሱ እንዳይቀሰቅሳት ሳይገላበጥ እንደ ግንድ ተጋድሞ ያነጋል። ያቺን የራት ሰዓት እንዳያጣ ነው የፈራው። ሌላ የፈራው ነገር የለም።

ሕክምናው የሚሰጠው ከምሳ በኋላ በቀድሞው የስብሰባ አዳራሽ ነው። አዳራሹ የተመረጠው ሰው በቀላሉ የሚተኛበት ቦታ መሆኑ ለብዙ ዓመታት ስለተረጋገጠ ነው ይባላል። ሰባት ፍራሾች ተነጥፈዋል፣ መጋረጃው ተጋርዷል። አማካሪዋ ሃሴት ገና ከትምህርት የወጣች ቀጭን ልጅ ናት፤ ስትናገር ወለሉን ታያለች። ደንቡን አነበበችላቸው። ውጤት የሚነገረው ለቡድኑ በሙሉ ነው፤ ማን ተኛ ማን አልተኛም የሚለው የሕክምና ምስጢር ነው። የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ቡድኑ አንድ ቀን እንኳ በሙሉ ቁጥሩ ከተኛ ሁሉም ነፃ ይወጣሉ። ካልተኛ ሁሉም ወደ ሌሊት ክፍል ይሄዳሉ።

ከሰባቱ በዕድሜ ትልቁ ከመጋዘን የመጡት ጋሽ ናሆም ናቸው፤ ለጡረታ ጥቂት ነው የቀራቸው። ሶፎንያስ አጠገብ የምትሠራዋ ፈናን አለች፤ መኪኖቿን የምታየው ጥፍሯን እየበላች ነው። ከጥገና ክፍል ሙአዝ የሚባል ግዙፍ ሰው አለ። የቀሩት ሦስቱ ከሒሳብ ክፍል ናቸው። አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፤ ሶፎንያስ የመጀመሪያው ቀን ስማቸውን በደንብ ሳይሰማ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ መጠየቁ አሳፈረው።

በመጀመሪያ ክብ ሠርተው ተቀመጡና እንቅልፍ የሚነሳቸውን ነገር እንዲናገሩ ሃሴት ጠየቀቻቸው። ጋሽ ናሆም ምንም የሚነሳኝ ነገር የለም፣ ተመስገን አሉ። ሙአዝም አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ አለ። ፈናን ትንሽ ጉንፋን ይዟት እንደነበር፣ አሁን ግን እንደተሻላት ተናገረች። ሶፎንያስ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዓይኔ ላይ አይዞርም ሊል አፉን ከፈተና «እኔም እንደ እነሱው ነኝ» ብሎ ዘጋው። በእንቅልፍ ማጣት የተሰበሰቡ ሰባት ሰዎች ደህና መሆናቸውን አረጋግጠው ወደ ፍራሹ አለፉ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ግድግዳው ጥግ ያለው ፍራሽ የተሻለ ስለሆነ ሁሉም ለጋሽ ናሆም ለቀቀ። ጋሽ ናሆም ወጣቶቹ ይረፉበት ብለው ለፈናን ሰጧት። ፈናን በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ አለች። ሙአዝ መሀል ገብቶ ልገላግል ሲል እሱም እንቢ ባይ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ቆሞ ሲግደረደር የሕክምናው ሰዓት አለቀ። ግድግዳው ላይ ባለው የኮምፒውተር መስታወት «ቡድኑ አልተኛም» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ እውነትም ለመተኛት የተቀመጠ እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ ሃሴት ፍራሾቹን ቁጥር ለጠፈችባቸውና ተጋደሙ። መጋደም ግን መተኛት አይደለም። ሶፎንያስ ጣሪያውን እያየ በአባቱ ዕድሜ ካለ ሰው ቀድሞ ማንኮራፋት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚሆን አሰበ። እሳቸው ይተኙ፣ ከዚያ እተኛለሁ አለ። ከትራሱ ቀና ብሎ ሲያይ ጋሽ ናሆም በአንድ ዓይናቸው እሱን ያዩታል። ተኝተው ነው? ቢላቸው አይባልም፣ ይተኙ እንጂ ቢላቸውም አይባልም። ፈገግ አለላቸውና ተመልሶ ጋደም አለ። ያን ቀንም ቡድኑ አልተኛም።

እንዲህ ሲሆን ሰነበተ። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ ሶፎንያስ አንድ ነገር ቆረጠ። ሌሎቹ እኔን እየጠበቁ ከሆነ ልገላግላቸው አለና ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ፣ ቀስ ብሎ ማንኮራፋት ጀመረ። ዕድሜ ልኩን የረባ ነገር አስመስሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ትምህርት ላለመሄድ ሆዴን አመመኝ ሲል እንኳ ያዘው ጭንቅላቱን ነበር። የዛሬው ግን ተሳካለት። ትንሽ ቆይቶ ከጋሽ ናሆም ፍራሽ ረጅም፣ የረጋ ማንኮራፋት ተሰማ። ቀጥሎ ሙአዝ እንደ ወፍጮ ተነሳ። ፈናን በአፍንጫዋ ታፏጫለች። ሒሳብ ክፍሎቹ በኅብረት ገቡ።

የሶፎንያስ ደስታ ሲበዛ ዓይኑ ፈጠጠ። ሁሉም ተኙ፣ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት አለ። እተኛለሁ ብሎ ሲታገል ሰዓቱ ሞላና መስታወቱ ቡድኑ አልተኛም አለ። ስድስቱ ሰዎች እየተንጠራሩና እያዛጉ ተነሱ። ማንም ማንንም አላየም። ሶፎንያስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ምስኪን ጋሽ ናሆም ጡረታቸው ደጅ ላይ ቆሞ፣ ፈናን ገና በአፍላነቷ፣ በሱ ዓይን ምክንያት መስኮት የሌለው ክፍል ሊገቡ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሁሉም ያንኮራፋል፣ በየቀኑ መስታወቱ ያንኑ ይጽፋል፣ በየቀኑ ሶፎንያስ ጥፋቱን ለብቻው ተሸክሞ ወደ መኪኖቹ ይመለሳል። ቤት ደግሞ ራት ላይ ኤልዳና እንዴት ዋልክ ስትለው ደህና ይላል።

የመጨረሻው ቀን መጣ። ሃሴት ዛሬ የመጨረሻችን ነው ብላ መጋረጃውን ልትስብ ስትነሳ ሶፎንያስ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «እዚህ ፍራሽ ላይ አንድም ቀን ተኝቼ አላውቅም። ሳስመስል ነው የከረምኩት። እናንተ ስትተኙ እኔ ነኝ ያጠፋኋችሁ።»

ጋሽ ናሆም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ቀን ለማን ብዬ ነው ያንኮራፋሁት?» አሉ።

ሙአዝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ፈናን የሚያለቅስ መስሏት ልታባብለው ጠጋ አለች፤ እየሳቀ ነበር። እሷም ሳቀች። ለጋሽ ናሆም ብላ ማፏጨቷን፣ በዚያ ላይ ፉጨቱን ቤቷ ተለማምዳ መምጣቷን ተናዘዘች። ከሒሳብ ክፍሎቹ አንዱ እኛማ ተራ ነበረን፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካዋል አለ። ሶፎንያስ የሰው ሁሉ መዳን በሱ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ስንት ቀን ሙሉ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎት እንደነበር አሰበና በራሱ አፈረ። ጥፋት እንኳ ለብቻው የሚደርሰው ትልቅ ሰው መስሎት ኖሯል።

«እኔ አውቅ ነበር» አለች ሃሴት ወለሉን እያየች። ሁሉም ወደሷ ዞሩ። «የሚያስመስል ሰው ትንፋሹ አይዛነፍም፣ እንደ ሰዓት ነው። ደግሞ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። የተኛ ሰው እንደዚያ አይውጥም።»

ጋሽ ናሆም ታዲያ ልጄ ለምን አልነገርሽንም አሏት።

«ትልልቅ ሰዎችን ውሸታችሁን ነው ማለት ከበደኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ ዝም የሚል ጠፋ። ጋሽ ናሆም ጡረታ ሲወጡ ትራሱን አስረክበው በገዛ ትራሳቸው ለብቻቸው መተኛት እንደሚያስፈራቸው ተናገሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ጠዋት ከድርጅቱ በር በቀር እንዴት አደሩ የሚላቸው የለም፣ ማታማ እንዴት ሊያድሩ ነው የሚላቸው ጭራሽ የለም። ፈናን ሌሊት ሌሊት ከመኪኖቿ አንዱ ሲገለበጥ ይታያታል። ሙአዝ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ትራሱ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ነው የማድረው አለ፤ ይሄን ሲል ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሶፎንያስም ስለ ኤልዳና ነገራቸው። ራት ላይ ወሬዋን ጨርሳ ስትተኛ እሱ ሊነግራት ያሰበውን ሳይነግራት የቀረውን ሁሉ በጨለማው እያወራላት እንደሚያነጋ፣ ድምፅ ግን እንደማያወጣ ነገራቸው። የዚህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አላፈረበትም።

በመጨረሻ ሙአዝ በሉ አሁን የሚያሳፍር ነገር የለም፣ የቀረችውን ጊዜ እንተኛባት አለ። ተጋደሙ። ጥቂት ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ ጋሽ ናሆም ሳያስቡት ምራቃቸውን ዋጡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ዝም ሲል ሌላው ያመልጠዋል፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች አፋቸውን በብርድ ልብስ አፍነው ሲፍነከነኩ ሰዓቱ ሞላ። መስታወቱ ቡድኑ እንዳልተኛ፣ ሕክምናውም በዚሁ መጠናቀቁን ጻፈ። ከሰኞ ጀምሮ ሌሊት ክፍል።

ሲወጡ ግን ማንም አልቀደመም፣ በሩ ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። ሶፎንያስ ሒሳብ ክፍሎቹን ስማቸውን ሊጠይቃቸው አስቦ ነበር። አሁንማ ጭራሽ አይሆንም ብሎ ተወው።

ቤት ሲደርስ ሳቁ በረደና ፍርሃቱ ተመለሰ። ራት ላይ ልንገራት አለ፣ አልነገራትም። ኤልዳናም ዛሬ ብዙ አላወራችም፣ ደክሞኛል አለች። ገና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የመኝታው ደወል ከሁለቱም ትራሶች ጮኸ። ተጋደሙ። የሷ ትንፋሽ ወዲያው ረጋ። ሶፎንያስ ሰኞ ስንት ቀን እንደቀረው እያሰበ የሚስቱን አተነፋፈስ አዳመጠ፤ ከእንግዲህ ይህንንም አያገኘውም። ትንፋሿ እኩል ነው፣ አንዱ ከሌላው አይዛነፍም። እንደ ሰዓት ነው።

ከዚያ ምራቋን ዋጠች።

ሶፎንያስ ወደሷ ዞረ።

«ኤልዱ» አለ በሹክሹክታ።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንደሚባለው ኤልዳና ጭራሽ ትንፋሿን ጠበቅ አደረገች። ቀስ ብላም ማንኮራፋት ጀመረች። በዚህ ነገር የሠለጠነ ባል አጠገብ መተኛቷን አላወቀችም።

«ምራቅሽን ስትውጪ ሰምቼሻለሁ» አላት።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ኤልዳና ዓይኗን ሳትገልጥ «አንተስ ለምንድን ነው የማትተኛው?» አለችው።

ትራስ ከተሰጣት ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች። ቀኑን ሙሉ አርባ መኪና ሲያይ የዋለ ሰው ነው፣ በኔ ምክንያት እንዳይነቃ ብላ ሳትገላበጥ ታነጋ ነበር። እሱም ሕፃናት ስታስተምር የዋለች ሴት ናት ብሎ እንደ ግንድ ሲጋደም ነበር። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ግንዶች ዓመታት አንግተዋል። ሶፎንያስ ስለ ሌሊት ክፍል ነገራት። ሊያባብላት ተዘጋጅቶ ነበር፣ እሷ ግን ተነስታ ተቀመጠች። ትምህርት ቤቱ ለሌሊት ሠራተኞች ልጆች የሌሊት ፈረቃ ሊከፍት ነው፣ አስተማሪ አጥቷል፣ ሁለት ጊዜ ለምነዋታል። ባለቤቴ ማታ ማታ እኔ ከሌለሁ እንቅልፍ አይወስደውም ብላ እንቢ ብላለች።

ሶፎንያስ ሳቀ፣ ከዚያ ያዛትና አለቀሰ፣ እሷም እንደዚያው። ሌሊት ከሠሩ ቀን አብረው ናቸው። ድርጅቱ ማደሪያ የሚሰጠው ቀን ቀን ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀው ለሌለው ነው። ምን የመሰለ ቀላል ነገር አንዳቸው ለሌላው አስበው ተደባብቀውት ኖረዋል።

ኤልዳና ሁለቱንም ትራሶች አንስታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸውና በላያቸው ላይ ቆለፈች። እንደዚህ ያለ ወንጀል ሠርተው አያውቁም። ጃኬቶቻቸውን አጥፈው ተንተራሱ። ራት ላይ ያላወራሁትን አሁን ላውራልህ አለችው። ከተማሪዎቿ አንዲቷ በእንቅልፍ ውጤት ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታለች። ኤልዳና ብቻ ናት ምስጢሩን የምታውቀው፤ ልጅቷ ማታ ማታ ትራሱ ላይ የምታስተኛው ውሻዋን ነው። ርዕሰ መምህሩ በወላጆች ቀን ሊሸልሟት መድረክ ላይ ጠሯት፣ እንዴት ብትተኚ ነው ይህን ያህል ያገኘሽው ብለው ማይኩን አፏ ላይ ደቀኑላት፣ ልጅቷ ዞራ ኤልዳናን አየቻት፣ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችና...

ሶፎንያስን እዚያ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ስንት ዓመት የጠፋ፣ ከባድ፣ ድንጋይ የሚያክል እንቅልፍ ነበር፤ አንድም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ሰኞ ሌሊት ክፍል ገባ። መስከረም ሲጠባ ኤልዳናም ተከተለችው፣ አሁን ራታቸውን የሚበሉት ጠዋት ነው።

ልጅቷ መድረኩ ላይ ምን እንዳለች ግን እስከ ዛሬ አያውቅም። ኤልዳና ያን ማታ ወሬዋን እስከ መጨረሻው ያዳመጣት መስሏታል፤ እስከ መጨረሻው ሲያዳምጠኝ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር እያለች ለእንግዳ ሁሉ ታወራለች። እሱም ራሱን እየነቀነቀ አብሯት ይስቃል።